አንድም ሰው አልሞተም

ሐኪሙ ስለ አዲሱ የጉበት መድኃኒት ስልኩ ላይ ማግኘት የቻለው አጽሕሮተ ጥናቱን ብቻ ነው፤ ሙሉው ጥናት በዶላር ካልሆነ አይከፈትም። ያቺኑ ግማሽ ገጽ ለታመመችው እናትና ለልጇ በአማርኛ ነገራቸው።

«መድኃኒቱን ከወሰዱት ውስጥ አንድም ሰው አልሞተም ይላል፣ እማማ።»

«እንዴት አወቁ?» አለች ልጅቱ።

«እሱን እዚህ ላይ አልጻፉትም።»

እሷ ግን ታውቃለች። ደውለው ነው። ወንድሟ ይርጋ አዲስ አበባ ለዚሁ ጥናት ተመልምሎ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው የሞተው። ከቀብሩ እንደተመለሰች የጥናቱ ሰዎች ደውለው «ይርጋ እንዴት ነው?» ሲሏት እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደግሞ «እናትየውም ታማለች፤ እስኪሻላት መርዶው ይቆይ» ብለዋል። ምን ታድርግ? «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

መርዶው እስከ ዛሬ እንደቆየ ነው።

«ዶክተር፣ ይሄ መድኃኒት...» ብላ ጀመረችና እናቷን አየት አደረገች።

እናትየው ለሐኪሙ እጇን ዘረጋች።

«ስጠኝ ልጄ። የኔስ ይርጋ በዚሁ አይደል የዳነው!»