ያልታመነው እንቢታ

«አልችልም» አለች ሠናይት። አዳራሹ አጨበጨበ።

አስመራጩ ለይኩን ፈገግ እያለ ስሟን ነጩ ሰሌዳ ላይ ጻፈው፤ «ሊቀመንበር» ከሚለው ቃል ሥር፣ ተራ ቁጥር አንድ ላይ። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ነርስ ነው፤ ማርከር ሲይዝ ግን ሠርግ የሚመራ ይመስላል። «ሲስተር ሠናይት በተለመደው ትሕትናቸው…» ብሎ ሳይጨርስ ሁሉም ሳቀ።

አልፈረደችባቸውም። የሆስፒታሉ የነርሶች ማኅበር ሲመሠረት ሲጠቁሟት «ኧረ ከእኔ የሚሻል አለ» ብላ ነበር፤ ወጉ ነዋ። የሚፈልግ ሰው አልፈልግም ይላል፣ የጠቆመው ይለማመጣል፣ ተጠቋሚው «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ያኔ ልቧ ፈልጎ ነበር። በሁለተኛው ምርጫም አልጠላችውም። ዛሬ ግን አልችልም ያለችው ስለማትችል ነው፤ ለዚህ የሚሆን ሌላ ቃል አጣች።

ባሏን ጸሐዬን ከፋሲካ ወዲህ ስትሮክ ጥሎታል፤ ግራ እጁና ግራ እግሩ አይታዘዙትም። የአካል እንቅስቃሴ የሚያሠራው ባለሙያ «እግሩ የሚመለሰው በእነዚህ ወራት ነው። በየቀኑ ካልተራመደ እንዲሁ ይቀራል» ብሏታል። ቤታቸው የካ ሚካኤል፣ ዳገቱ ላይ ነው፤ መንገዱ ሲጨልም ለጤነኛም አይታመንም። ከሥራ እንደወጣች ካልደረሰች ቀኑ አለፈ ማለት ነው። የማኅበሩ ስብሰባ ደግሞ ሁልጊዜ ከሥራ በኋላ ነው። ስብሰባ ያለ ቀን ስትገባ ጸሐዬን መስኮቱ ሥር ታገኘዋለች። «ግድ የለም፣ ነገ እንሄዳለን» ይላታል፤ ታማሚው እሷን ሊያጽናና። ለባልደረቦቿ ትንፍሽ አላለችም። እንዳይታዘንለት አደራ ብሏታል።

«እውነቴን ነው» አለች እንደገና ተነሥታ። «ዘንድሮ ተዉኝ።»

«ባለፈውም ይህንኑ ብለሽናል!» አስያ ነበረች፣ የማዋለጃ ክፍሏ ነርስ፣ የጠቆመቻትም እሷው። «ሠናይትዬ፣ በቃ ተለመንሽ፣ ተቀመጪ። ተንበርክኬ ልለምንሽ?» እውነትም ጉልበቷን አጠፍ አደረገች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሠናይትም ሳቀች። ይኸው ነው የጎዳት፤ ሳቋን እንደ እሺታ ቆጠሩት። ለይኩን «ተጠቋሚዋ ተቀብለዋል» አለና ወደ ጸሐፊው ምርጫ ሊያልፍ ዞረ።

«ቆይ እንጂ!»

ድምፁ የመጣው ከኋላ ረድፍ ነው። ሲፈን የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ፣ ስብሰባ ላይ እጇን ሳታወጣ የምትናገር። ለማታ ተረኞች ሰርቪስ ይመደብ በሚለው ጉዳይ ከሠናይት ጋር ተጨቃጭቀው ያውቃሉ። «የእርስዎ ትዕግሥት ነው እኛን በጨለማ በእግር የሚያስኬደን» ብላታለች፣ ዓይን ዓይኗን እያየች።

«ሁለት ጊዜ አልችልም አሉ እኮ። ስንት ጊዜ ይበሉ?»

«ሲፈንዬ፣ ወግ ነው እኮ» አለ ለይኩን።

«ወግ መሆኑን በምን አወቅህ? በሽተኛ አመመኝ ሲልህም ወግ ነው ትላለህ?» ወደ ሠናይት ዞረች። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?»

እንዲህ በሰው ፊት አፍጥጦ የጠየቃት ኖሮ አያውቅም። ነውር ነገር ነው። ሠናይት ግን ለወራት ደረቷ ላይ የተቀመጠ ነገር ብድግ ሲል ተሰማት።

«አልፈልግም።»

«በቃ። ምክንያቱ የራሳቸው ነው» አለች ሲፈን። «ስማቸው ከሰሌዳው ይጥፋ።»

ሳቁ ቆመ። አስያ ሠናይትን እንደ አዲስ አየቻት። «ውይ… የምርሽን ነው እንዴ?»

«የምሬን ነው አስያዬ።»

ለይኩን ስሟን በመዳፉ ጠረገው። «ታዲያ ማን ይሁን?» ሲል ሁሉም ስልኩን ማየት ጀመረ።

«እኔ» አለች ሲፈን።

«አንቺ ምን?»

«ሊቀመንበር መሆን እፈልጋለሁ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። በዚያ አዳራሽ ራሱን የጠቆመ ሰው ታይቶ አይታወቅም። «ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች!» አለ አንዱ ከፊት። ለይኩን ጉሮሮውን ጠረገ። «ደጋፊ ከተገኘ ደንቡ አይከለክልም። የሚደግፍ?»

እጅ ጠፋ። ሲፈን አገጯን ቀና አድርጋ ቆማለች፤ ጣቶቿ ግን የጋውኗን ኪስ አንቀው ይዘዋል። ሠናይት ያንን አየች። ልጅቱን ምን እንደሚጠብቃት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የአስተዳደሩ «ነገ ተመለሱ»፣ የሁሉም ስሞታ፣ የማንም ምስጋና አለመኖር። ይህን ሁሉ ነው ለምን ሳትል ከትከሻዋ ያነሣችላት።

ሠናይት እጇን ከፍ አድርጋ አወጣች።

ቀጥላ አስያ፣ እያመነታች። ከዚያ የሕፃናት ክፍል በሙሉ። ሌላ ተጠቋሚ አልመጣም፤ ድምፅ ሲሰጥ ከፊት የተቀመጠው ተሳዳቢ እንኳ ዙሪያውን ቃኝቶ እጁን አወጣ።

ሠናይት ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ ሲፈን አጠገብ ቆመች። «እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ።»

«ለምኑ?» አለች ሲፈን፤ እውነትም አልገባትም። «ይልቅ ስለ ሰርቪሱ ነገ እመጣብዎታለሁ። ከማን ጋር ምን እንደተነጋገሩ አንድ በአንድ ይነግሩኛል።»

«በምሳ ሰዓት ነይ። ከሥራ በኋላ አልገኝም።»

ደጅ ፀሐይዋ የእንጦጦን ባሕር ዛፎች ገና አልለቀቀችም። ደረጃው ላይ ቆማ ደወለች።

«ዛሬም ታመሺያለሽ?» አለ ጸሐዬ፤ ምላሱ አሁንም ይከብደዋል።

«አላመሽም። ጫማህን አድርግ፣ መጣሁ።»

ስልኩን ሳይዘጋ አልጋው ላይ አስቀመጠው። ሠናይት ወደ ታክሲው እየወረደች ከጆሮዋ አላነሣችውም፤ ወለሉ ላይ የሚጎተት ጫማ፣ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያም ጸሐዬ የገዛ እግሩን ሲቆጣ፦ «ግባ እንጂ! ግባ!»