አዲሱ የድምፅ ካርድ

አዲሱን የድምፅ ካርድ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገጠመው፣ አሮጌው በየጨዋታው መካከል ድንገት «ጓ» የሚል ድምፅ እያሰማ ስላስቸገረው ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ እንደ ልማዱ በኢንተርኔት ከእኅቱ ባል ከናሆም ጋር የተኩስ ጨዋታ ጀመረ። ስለ ካርዱ ግን አልነገረውም።

«ጋሼ፣ ዛሬ አለቀልህ! ኑዛዜህን ተናገር!» አለ ናሆም።

ድምፁ ጠራ፤ ከሚገባው በላይም ጠራ። ናሆም ጫቱን ሲያላምጥ፣ አክታውን ሲስብ፣ መልሶም ሲውጠው አንድ በአንድ ተሰማው። «ለዚህ ሰው ነው ጨዋ ነው ብዬ የመሰከርሁለት?» ሲል አሰበ። ባለፈው ወር እኅቱ ሶስና «ይመታኛል» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ «እያጋነንሽ ነው፤ ወደ ቤትሽ ግቢ» ብሎ የመለሳት እርሱ ነበር።

«አንዴ ጠብቀኝ ጋሼ» አለ ናሆም። ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ሲጥለው ተሰማ፤ ማይኩን ግን አልዘጋውም።

ወዲያው ያ «ጓ» የሚለው ድምፅ መጣ። በአዲሱ ካርድ ግን ሌላም ነገር ተከትሎት ተሰማ፦ በእጅ የታፈነ የሴት ልቅሶ።

«ዝም በይ! ወንድምሽ እየጠበቀኝ ነው» አለ ናሆም። ተመልሶም ማዳመጫውን አጠለቀና «እሺ ጋሼ፣ የት ደረስን?» ሲል እየሳቀ ጠየቀ።

የገዛ ጆሮው አስጠላው።

በማግስቱ ጠዋት እኅቱን ሊወስዳት ሄዶ በሯን አንኳኳ። ሶስና «ማነው?» አለች፤ እርሱ መሆኑን ስታውቅ አልከፈተችለትም።