ወንዝ ማዶ ያለችው

ደራሲ ልሳኑ ለስልክ ጌም ታሪክ ጻፍ ሲባል ብዙ አልተጨነቀም፤ የራሱን የቤት ምስጢር ጎራዴ አስታጥቆ አቀረበው። ጀግናው ለሚስቱ «ዘመቻ ላይ ነኝ» እያለ ወንዝ ማዶ ካለች ቆንጆ ሴት ቤት ይከርማል። የልሳኑ ሚስት ትርሲት እንደሆነች ጌም አትጫወትም።

ጌሙ ሲወደድ የሠራው ድርጅት ታሪኩን በመጽሐፍ አስቀጠለ። ልሳኑ አሁንም አልሰጋም። ትርሲት ከተጋቡ ወዲህ ከመጽሐፎቹ አንዱንም ገልጣ አታውቅም፤ እሱም ይህን የትዳራቸው ምሰሶ አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

ቀጥሎ ታሪኩ የሬዲዮ ድራማ ሆነ። በትርሲት ልብስ ስፌት ቤት ደግሞ ሬዲዮ ተዘግቶ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ላብ አጠመቀው። እሷ ግን «ወይኔ፣ ምስኪን ሚስቱ!» እያለች ከንፈሯን ከመምጠጥ በቀር ያለችው ነገር የለም። ቀስ በቀስ ልቡ ተመለሰ፤ እንዲያውም በድርሰት ችሎታው ኮራ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት «አዳማ ሥልጠና አለብኝ» ብሎ ሻንጣውን ሲያነሳ፣ ትርሲት የተኮሰችለትን ሸሚዝ አቀበለችው።

«ልሳኑ፣» አለችው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ለሚስቱ የሚነግራት በስንተኛው ክፍል ነው?»