ሁለተኛው ክለብ

ልጄ ኢስክራ ትልቁን የጂምናስቲክ ቀለበት ወደ ላይ ወረወረችው፤ ቀለበቱም እንደመመለስ ከቅርጫት ኳሱ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዐሥራ አንዱም ልጆች ሥራቸውን ትተው ሽቅብ ማየት ጀመሩ። አሰልጣኟ እትዬ ዶብሪንካ መስኮት የሚከፍቱበትን ረጅም ዘንግ ከጥግ አምጥተው አወረዱላትና ክንድሽ ጥሩ ነው፣ ዓይንሽ ግን ሌላ ቦታ ነው አሏት።

እኔ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጉድለት እለቅም ነበር። የልጆቹ ጉልበት ይታጠፋል። የእግር ጣታቸውን የሚወጥር የለም። ምንጣፉ ሁለት ቦታ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። አዳራሹም የትምህርት ቤት አዳራሽ ስለሆነ በስድስት ሰዓት የተበላው የምስር ሾርባ ሽታ ገና አልለቀቀውም። የመጣሁት ለአማቴ ስል ነው። ክለቡ ከቤታችን ሁለት መንገድ ብቻ ስለሚርቅ፣ ሳታዪው እንዳትወስኚ እያሉ ሦስት ሳምንት ነዝንዘውኛል። አይቼዋለሁ ለማለት ያህል መጣሁ።

በልቤ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ። ኢስክራ በከተማችን በስሊቨን ትልቁ ክለብ አንድ ወር በሙከራ ሠልጥና፣ ከአርባ ልጆች ከተመረጡት ስድስቱ አንዷ ሆናለች። ዋና አሰልጣኟ ወይዘሮ ራድኮቫ እስከ ዛሬ ማታ መልስ ስጪኝ ብለውኛል፤ ቦታዋን የሚፈልግ ሞልቷል። እኔንም ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ዳሌዬ ተጎድቶ እስካቆም ድረስ ስምንት ዓመት እጃቸው ላይ ነበርኩ። እኔ የቀረሁበትን ቦታ ኢስክራ ታልፈዋለች ብዬ አስብ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባሌም ቢሆን።

ልጆቹ ሰውነታቸውን ለማፍታታት ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ። ኢስክራ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ዘርግታ ቁልቁል ወረደች። መሬቱን ለመንካት አራት ጣት ያህል ቀራት። ከጎኗ ያሉት ገና ጉልበታቸው ላይ ናቸው። አልዋሽም፣ ደረቴ ተነፋ።

እትዬ ዶብሪንካ እያቃሰቱ አጠገቧ ተንበረከኩ። መዳፋቸውን ወገቧ ላይ አድርገው ትንሽ ጫን አሉና አመመሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አላመመኝም አለች። ትንሽ ጨመሩ። አሁንም አላመመኝም አለች። ጭኗ ሲንቀጠቀጥ ግን እኔ ካለሁበት ይታየኛል።

እትዬ ዶብሪንካ እጃቸውን አንስተው መሬቱ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

"ስንት ዓመትሽ ነው የኔ ልጅ?"

"ሰባት።"

"እኔ ሃምሳ ስምንት። አሁን ስንበረከክ ጉልበቴን አሞኛል። ይኸው ተናገርኩ፤ ጣሪያው አልወደቀም።"

ልጆቹ ሳቁ። ኢስክራ አልሳቀችም። ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና፣ ትልቅ ሰው የሚያርም በሚመስል ድምፅ፣ "እዚያ እንደሱ አይባልም" አለች። "አመመኝ ያለ ልጅ ሄዶ በሩ ጋ ይቆማል። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ።"

ያንን የወይዘሮ ራድኮቫን አዳራሽ በር አውቀዋለሁ። በእኔ ጊዜ አረንጓዴ ነበር። ሁለት ጊዜ ቆሜበታለሁ፤ ከሁለተኛው በኋላ አፌን ዘጋሁ። በተጎዳው ዳሌዬ አራት ወር ሠልጥኛለሁ። ሐኪሙ እናቴን ለምን እስከዛሬ አላመጣሻትም ብሎ ሲቆጣት፣ አልነገረችኝም፣ ምንም አልነገረችኝም እያለች ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች። እኔም ይህን ወር ሙሉ ማታ ማታ ኢስክራን እንዴት ነበር ስላት ጥሩ ትለኝ ነበር። ጥሩ ካለችኝ ብዬ ወደ ሥራዬ እዞር ነበር።

"እዚህ ደንቡ ሌላ ነው" አሏት እትዬ ዶብሪንካ። "እኔ እጫናለሁ፤ ሲያምሽ ትነግሪኛለሽ፤ አነሳለሁ። እንሞክረው?"

ኢስክራ እንደገና እግሯን ዘረጋች። መዳፉ ወገቧ ላይ ዐረፈ። እሷ ግን አሰልጣኟን ትታ እኔን ታያለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። የምትጠብቀው የእኔን መልስ እንደሆነ ገባኝ፤ ያንን በር በዓይኑ ያየ ከሁለታችን ሌላ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ተናገሪ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩላት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አንገቴ እሺ እስኪለኝ ጥቂት ጊዜ ፈጅቷል።

"አመመኝ" አለች፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም።

እጁ ወዲያው ተነሣ። ኢስክራ አየር ላይ የቆመውን እጅ አተኩራ ተመለከተችው።

"እንደገና" አለች።

እጁ ወረደ። አመመኝ አለች። ተነሣ። በሦስተኛው ገና ሳይነካት አመመኝ አለችና ሳቀች።

ስልኬን አውጥቼ ለወይዘሮ ራድኮቫ መልእክት ጻፍኩ። መጀመሪያ ረጅም ነበር፤ ስለ በሩም፣ ስለ ዳሌዬም ነበረበት። አጠፋሁትና "ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ፤ ኢስክራ አትመጣም" ብዬ ላክሁ። ከዚያ ወደ እትዬ ዶብሪንካ ጠጋ ብዬ ልምምዱ በምን በምን ቀን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ማክሰኞና ዓርብ አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ፤ ሥራ በዝቶባቸው ነበር። ልጆቹ ሁሉ ለእኔም፣ ለእኔም እያሉ ምንጣፉ ላይ በተራ ተዘርግተዋል፤ እሳቸውም በጉልበታቸው እየዳሁ አንዷን ነክተው ወደ ቀጣይዋ ሲያልፉ፣ ከምንጣፉ ዳር እስከ ዳር አመመኝ፣ አመመኝ የሚል የልጅ ድምፅና ሳቅ ይከተላቸው ነበር።