ከስክሪኑ ውጭ

ፎቶው አልታይ አለ። ይከፈታል፤ ምልክቱ ከስክሪኑ ግርጌ ብልጭ ይላል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን እሱ ይወቀው።

ሴትዮዋ የመጻሕፍት ገጽ አቀናባሪ ናት፤ የምትሠራውም ከቤቷ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ስክሪን ነበር። ሁለተኛው ብልጭ ድርግም ማለት ስላበዛ ሰሞኑን ወደ ጥገና ተላከ፤ ገመዱና ማገናኛው ግን ከኮምፒዩተሩ እንደተሰኩ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር እየተከፈተ ይሰወርባታል። በደህና ቀን ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር።

ቀኑ ግን ደህና አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ በሚኖርበት ሩቅ አገር በመኪና አደጋ መሞቱን የሰማችው ትናንት ነው። የምትፈልገው ፎቶ የእሱ ነው፤ ለሐዘኑ የሚሆን።

ትናንት ስልኩን ይዛ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ ስትጮኽ ብርጭቆ ሲሰበር ተሰምቶ ነበር። ባሏ ከወጥ ቤት እየሮጠ መጣ። ወለሉ ላይ ስባሪ አልነበረም። ጎረቤት ይሆናል ብለው ተዉት። ማን ብርጭቆ ሊቆጥር!

አሁን የጨነቃት የእናቷ ነገር ነው። እናቷ ሌላ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች፤ ልቧ ደካማ ነው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት አስጠንቅቋል። ስለዚህ ነገ ማለዳ የሴትዮዋ አጎት ሐኪም ይዘው ሄደው በዘዴ ሊነግሯት ተስማምተዋል። እስከዚያ ወሬው ጆሮዋ ከገባ አንዱ ሐዘን ሁለት ይሆናል።

በዚህ ላይ የካሜራው መብራት አለ። ከስክሪኑ አናት ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ከትናንት ጀምሮ አልጠፋ ብላለች። አንዳንዴም ከኮምፒዩተሩ የሰው ትንፋሽ የመሰለ ነገር ይሰማል።

«አለቃሽ ነው» አለ ባሏ። «ከቤት የሚሠራ ሁሉ የሚተኛ ይመስለዋል። ባለፈው ያቺን ባልደረባሽን ከወንበርሽ ተነሳሽ ብሎ አልነበር የተቆጣት?»

«ሳለቅስ ነው የሚያየኝ?»

«ምን ይሉኝታ አለው!»

ንዴቱ ከሐዘኑ ቀለላት። ሐዘኑ መድረሻ የለውም፤ ንዴቱ ግን ቢያንስ አለቃዋ ጋ ይደርሳል።

ኮምፒዩተሩን ያሰናዳላት ያው ወንድሟ ነበር። አገር ለቆ ሊሄድ ሲል ገመዶቹን አሰረላት፣ ፊደሉን አሳደገላት፣ የቤተሰብ የቪዲዮ ጥሪ ሁሉ ሳይነካ ራሱ እንዲከፈት አደረገላት። «አንቺ ሥራ ላይ ከሆንሽ ቤት ቢቃጠል አትሰሚም» ብሎ ሳቀባት። አሁን እያንዳንዱ ቋጠሮ የእጁ ሥራ መሆኑ ትዝ ሲላት ገመዶቹን ማየት አልቻለችም።

ጠዋት እናቷ ስልክ ደውላ ነበር። ሁልጊዜ ከሰላምታም በፊት ስለ ወንድ ልጇ «ያ ቀበጥ ደወለልሽ?» ማለት ልማዷ ነው። ዛሬ አላለችም። ሴትዮዋ በሆዷ ተመስገን አለች።

«ድምፅሽ ደከመብኝ» አለች እናቷ።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ እማዬ።»

«ሾርባውን ጠጪው። ይቀዘቅዝብሻል። ባልሽም ደክሞበታል።»

ሴትዮዋ ስልኩን ዘግታ ባሏ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ያኖረላትን የሾርባ ሳህን አነሳች። እናት ስትል እምቢ አይባልም፤ ሁለት ማንኪያ በግድ ዋጠች።

ባሏ የጠራው የኮምፒዩተር ባለሙያ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፤ ወደ ክፍሉ ሲገባ የፊታቸውን መጥቆር ልብ አላለም።

«ሌላኛው ስክሪን የታል?»

«ጥገና ሄዷል» አለችው።

ሳቀ። «ኮምፒዩተሩ እኮ አልሰማም! ገመዱ ስላልተነቀለ አሁንም አጠገቡ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ መስኮቱን እዚያ ማዶ ይከፍትልዎታል። ምን ያድርግ? የሄደውን መሄዱን የነገረው የለ!»

ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች። ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ባለሙያው የሆነ ነገር እንዳበላሸ ገባውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የካሜራውስ መብራት?» አለ ባልየው። «የሚሰልላት አለ?»

«ካሜራውን የያዘ አንድ ፕሮግራም አለ። እሱም እዚያው ማዶ ነው ያለው። ቆይ፣ እናመጣዋለን።»

በዚህ መሃል አጎትየው ደወሉ። ባሏ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ድምፁን ከፈተላት።

«ነገ በማለዳ እንደርሳለን» አሉ አጎትየው። «አደራ ልጄ፣ እስከዚያ ድምፅሽ እንዳያሳብቅ። ልቧን ታውቂው የለ።»

«አያሳብቅም፣ አጎቴ። ጠዋት አናግሬያታለሁ፤ ምንም አልጠረጠረችም።»

«ጎበዝ። አንቺ ከበረታሽ እሷም ትተርፋለች።»

ባለሙያው ስልኩ እስኪዘጋ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። «ነፍስ ይማር» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫነ፤ አንዷ ቀስት ያለባት ናት። ፎቶው ከጎን ዘው ብሎ ገባ። ወንድሟ ነው፤ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ጉንጩን በመስታወቱ ላይ ዳበሰችው። ትናንት ካለቀሰችው የቀረ እንባ ሁሉ አሁን ወረደ።

ባለሙያው ወደ ስክሪኑ ግርጌ ጠቆመ። «ካሜራውን የያዘው ይሄኛው ነው» አለ። «ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነው። ላምጣው?»

«አምጣው» አለ ባሏ ክንዱን አጣጥፎ። «ዓይን ለዓይን እያየሁ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ።»

ባለሙያው ቀስቷን ተጫነ።

ስክሪኑን እናቷ ሞላችው። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ሁለት ጣቶቿ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እማዬ!» አለች ሴትዮዋ።

እናቷ ደንግጣ ሻሹን ከራሷ ገፈፈችው፤ ከጀርባዋ ደበቀችውና ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ «ልጄ! አሁን ገና መክፈቴ ነው» አለች። «ያ ቀበጥ ደወለልሽ?»