እጅ የምትማረው ኳስ

ዘንድሮ ልጆቼ፣ ኳስም ተማሪ ሆናለች። ይህች የቦውሊንግ ኳስ የወርዋሪዋን እጅ ትማራለች አሉን፤ ባለቤቴ አስናቀም ገዛት።

የድሮዋ የፕላስቲክ ኳስ ዘይት በበዛበት የመጫወቻ መም ላይ ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች። የላስቲኳ ደግሞ ደረቁን መም ነክሳ ያለጊዜዋ ትታጠፍና ከመሙ ጎን ያለው ቦይ ትገባለች። አዲሷ ግን በሁለቱም ላይ ልክ እሱ እንደሚፈልገው ዞራ ከመሙ ጫፍ የቆሙትን ፒኖች ታነጥፋቸዋለች።

ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምሳ ላይ ያጎረሰኝ ጉርሻ ጉንጬ ላይ እስኪያርፍ ድረስ።

«ምነው፣ አፌ ቦታ ለወጠ እንዴ?» አልኩት።

«አንቺ ተነቃንቀሽ ነው፣ ዘውዴ» ብሎ ሳቀ።

አልተነቃነቅኩም። ከተጋባን ጀምሮ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ስቶኝ አያውቅም። ኋላ የሸሚዙንም ቁልፍ እኔ እቆልፍለት ጀመር። ያኔ ነው ኳሷን የጠረጠርኳት።

ቅዳሜ ቦውሊንግ ቤት እሱ ጫማ ሲቀይር ኳሷን አንስቼ ደረቁ መም ላይ ወረወርኳት። እኔ ቦውሊንግ የት አውቄ! ኳሷ ግን መሀል ስትደርስ ልክ አስናቀ እንደሚያዞራት ዞረች፤ አንድም ፒን አልቀረም። ትማራለች ሲሉን፣ የተማረችውን ለእጁ እንደማትተውለት አልነገሩንም።

«ለሸጡልህ መልሳት» አልኩት።

«እስከ ውድድሩ ዋንጫ ብቻ።»

«ዋንጫውንስ በየትኛው እጅህ ልታነሳው ነው?»

ኳሷን በፎጣ ይጠርግ ጀመር።

በማግስቱ ምሳ ላይ ጠቅልሎ ዘረጋልኝ፤ እጁ አየር ላይ ተንከራተተ። አሁን አንገቴን አስግጌ ጉርሻዬን የምከተለው እኔ ነኝ።