"ልክፈት?" ስትለው ዝም ያላት ባል

"ክፈቺው እንጂ እህቴ… ሰው ተሰልፎ እያየሽ።"

እንዲህ ያላት የባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ "ሲስተም የለም" የተባለው ባለጉዳይ ሁሉ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሏል።

እሷ ኮሪደሩ ላይ፣ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያው ብሬከር ሥር ቆማለች… ባሏ ከግድግዳው ወዲያ ባለችው ጠባብ ክፍል አዲሱን የኔትወርክ ዕቃ ራኩ ላይ፣ የብረት መደርደሪያው ላይ፣ እየገጠመ ነው።

ቤትም ሥራም አብረው ናቸው። ደንባቸው አንዲት ናት… እሷ "ልክፈት?" ትላለች፣ እሱ "ክፈቺ" ይላል። ያን ሳትሰማ መብራት አትለቅም።

ችግሩ… ከተኳረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

"አንድ ነገር አሥር ጊዜ ትጠይቂያለሽ፣ ሰለቸኝ" ብሏት ነበር። እሷም አፏን ለጎመች።

ዛሬ ግን ሥራ ነው… ኩርፊያዋን ዋጥ አድርጋ ተጣራች።

"ልክፈት?"

ዝም።

"አንተን እኮ ነው… ልክፈት?"

ጭጭ።

"ውይ ልጄ፣ አኩርፎሻል መሰል" አሉ ከሰልፉ አንዲት እናት። ሰው ሳቀ። የእሷ ፊት ቲማቲም መሰለ።

ሥራ አስኪያጁ "ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው" ብሎ እጁን ወደ ብሬከሩ ሰደደ።

(እኔ ብሆን በንዴት ራሴ ከፍቼው ነበር… እውነቴን ነው።)

እሷ ግን እጁን ያዘችው።

"ጋሼ፣ እሱ በአፉ ካላለ አይከፈትም።"

ብሬከሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ኪሷ ከታ ወደ ክፍሉ ገባች… ልክ ልኩን ልትነግረው።

ያየችው ነገር ክው አደረጋት።

ባሏ ከራኩ ጀርባ በሆዱ ተኝቷል። በአንድ እጁ ገና ያልታሰረውን የመብራት ሽቦ ራቁት ጫፍ ይዟል… በሌላው ላልታ ያገኛትን የመሬት ሽቦ ደግፏል… ካቻቪቴውን በጥርሱ ነክሷል።

አኩርፎ አይደለም… አፉ ሥራ ላይ ነበር።

ካቻቪቴውን ከአፉ ተቀበለችው።

"'እምም' ስል ነበር፣ በዚህ ጫጫታ ማን ይስማኝ" አለ። "ሰውዬው ክፈቺ ሲልሽ ላብ አጠመቀኝ… ኋላ ግን ብሬከሩ ጋ ያለችው እሷ ናት ብዬ ተረጋጋሁ።"

እንባዋ ቀደማት።

"አሥር ጊዜ ትጠይቂያለሽ ያልኩሽን… ከዛሬ ጀምሮ ሃያ አድርጊው።"

መጀመሪያ የመሬት ሽቦዋ ጠበቀች፣ ከዚያ የመብራቱ ሽቦ ታሰረ። ሁለት እጁን አሳይቷት ወጣ፤ እሷም ብሬከሩ ጋ ተመልሳ ቁልፉን ፈታች።

"ልክፈት?"

"ክፈቺ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ክፈቺ፣ የኔ ዓለም።"

"ካቻቪቴውስ፣ ውስጥ አልረሳኸውም?"

ይሄኔ ሰልፉ በሙሉ በአንድ ድምፅ "ክፈቺ!" አለ።

ወዳጆቼ… ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ ሁሉ ነዝናዛ አይደለም። አንዳንዱ እናንተን ማጣት የሚፈራ ነው። ዝም ያለውንም ሰው "አኩርፏል" ከማለት በፊት ሄዶ ማየት ነው።

እናንተንስ "በላችሁ? ደረሳችሁ? በሩን ዘጋችሁ?" እያለ የሚነዘንዛችሁ ማነው? እስቲ ዛሬ ኮመንት ላይ አመስግኑት…